«ዳነ» ስንል ምን ማለታችን ነው? የትከሻ ውልቃት ቀዶ ሕክምና ታሪክ



ዛሬ የማቀርበው ስለ ትከሻ ውልቃት የቀዶ ሕክምና ታሪክ ነው። ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው እንደ ስልቶች ዝርዝር ነው። እኔ ግን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ልመለከተው እወዳለሁ፤ በየዘመኑ ሐኪሞች ታካሚያቸው «ዳነ» ያሉት ምንን ለክተው ነው?

የትከሻ መገጣጠሚያ ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ በሰፊው የሚንቀሳቀስ ነው። የክንድ አጥንት ራስ ትልቅ፣ የሚያርፍበት ጎድጓዳም ትንሽና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ፣ ነፃነቱ የተገኘው በጽናቱ ዋጋ ነው። አብዛኛውን ጊዜም የሚወልቀው ወደ ፊት ነው።

በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ድርሳናት ውስጥ የወለቀን ትከሻ በብብት ላይ ተረከዝን አሳርፎ ክንድን በመሳብ መመለስ ተገልጿል። ደጋግሞ ለሚወልቅ ትከሻ ደግሞ ብብትን በጋለ ብረት መተኮስ ይታዘዝ ነበር፤ የሚፈጠረው ጠባሳ አጥንቱ የሚወጣበትን ክፍተት እንዲያጠብ ነው። ጸሐፊው የተሳሳተ ቦታ የሚተኩሱትን ሐኪሞች ይወቅሳል፤ በዚህ ችግር ምክንያት ከውድድርና ከጦርነት አቅም ውጭ የሆኑ ሰዎች መኖራቸውንም ያነሳል። መለኪያው እንግዲህ የሰውየው ኑሮ ነበር።

ወደ ዘመናዊው ቀዶ ሕክምና ስንሻገር፣ ጀርመናዊው ጌኦርግ ፔርተስ እ.ኤ.አ. በ1906፣ እንግሊዛዊው ብላንደል ባንካርት በ1923 ችግሩ ያለው በጎድጓዳው ዙሪያ ያለው ከንፈር መሰል ጠርዝ ከአጥንቱ በመላቀቁ ነው አሉ። ባንካርት በ1938 ባሳተመው ጽሑፍ 27 ቀዶ ሕክምናዎችን ዘርዝሮ አንዱም ትከሻ ዳግም አለመውለቁን፣ እንቅስቃሴውም ሙሉ መሆኑን ዘገበ። የተላቀቀውን ወደ ቦታው መልሶ መስፋት፤ ሐሳቡ ይኸው ነበር።

ይሁን እንጂ ስፌቱ በጠባብ ቦታ የሚሠራ አድካሚ ሥራ ስለነበር፣ ቀለል ያለ መንገድ ተፈለገ። ኦስመንድ ክላርክ በ1948 ያስተዋወቀው፣ በቪቶሪዮ ፑቲና በሃሪ ፕላት ስም የሚጠራው ስልት የፊቱን ጡንቻ በማሳጠር ክንዱ ወደ ውጭ እንዳይዞር ያግዳል። ትከሻው አይወልቅም፤ ግን አይዞርምም። በመዝገብ ላይ «አልተደገመም» ተብሎ የተጻፈለት ታካሚ ከዓመታት በኋላ በመገጣጠሚያ መበላት ሕመም ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። እዚህ ላይ ነው የመለኪያው ስሕተት የሚገለጠው፤ ዳግም መውለቅን ብቻ የሚቆጥር ሰው ሐዘኑን አያይም።

በሌላ በኩል ፈረንሳዊው ሚሼል ላታርዤ በ1954 የኮራኮይድን ጫፍ ቆርጦ በብሎን ከጎድጓዳው ፊት አጣበቀ። በኋላ የመጣው አርትሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና፣ የባንካርትን ስፌት ሰፊ ቁስል ሳይከፍት እንዲሠራ አስቻለ። ታዲያ ይህ ይበቃል? በርክሃርትና ደ ቢር በ2000 በ194 ትከሻዎች ላይ ያገኙት መልስ ግልጽ ነው፦ ከፍተኛ የአጥንት ጉድለት የሌላቸው ትከሻዎች 4 በመቶ ብቻ ዳግም ሲወልቁ፣ ጉድለቱ ያለባቸው 67 በመቶ ወለቁ። አጥንቱ ሲጎድል ስፌት ብቻውን አያቆመውም፤ የላታርዤ ስልት እንደገና የተፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

የስዊድኑ ሆቬሊየስና ባልደረቦቹ ደግሞ ታካሚዎችን ያለ ቀዶ ሕክምና 25 ዓመት ተከታትለዋል። ከ12 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ላይ ሳሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወለቁት ትከሻዎች ግማሹ ወይ አልተደገመም፣ ወይም ከጊዜ ጋር ጸንቷል። ስለዚህ ሁሉን ወጣት ወደ ቀዶ ክፍል መላክም ሆነ ሁሉንም መተው ትክክል አይሆንም።

በአገራችን ብዙ ሰው የወለቀ ትከሻ ይዞ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው፤ ሆስፒታል የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ ከብዙ ጊዜ መውለቅ በኋላ ነው። እኛ በክትትል ካርዱ ላይ የምንጽፈው ምን ይሁን? «አልወለቀም» ከሚለው ቃል ጎን፣ ክንዱ ምን ያህል ይዞራል፣ ሰውየው ወደ ሥራው ተመልሷልን፣ ከዓመታት በኋላስ ያመዋልን የሚሉት ጥያቄዎች መጨመር አለባቸው። ይህን የሚያስተምረን ታሪኩ ራሱ ነው።