ከወንዝ የወጡ አያቶች
በጋምቤላ የትውልድ ቆጠራና ያልተገኙት ወላጆች

የትውልድ ሐረጉን ወደ ኋላ የሚከታተል ሰው ሁሉ፣ ውሎ አድሮ ስሙ ከታወቀ፣ ወላጆቹ ግን ካልታወቁ አንድ አያት ዘንድ ደርሶ ይቆማል። የጽሑፍ መዝገብ ለብዙ ዘመን በኖረባቸው አገሮችም ቢሆን ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። በስኮትላንድ መንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1855 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበረው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1783 በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ የሦስት ፔንስ ቀረጥ በተጣለ ጊዜ፣ ልጁን ሳያስመዘግብ የቀረው ወላጅ ጥቂት አልነበረም። ከ1855 ወዲህ በሞት መዝገብ ላይ የሟቹ እናትና አባት ስም እንዲጻፍ ስለተደነገገ፣ መርማሪው የጠፋውን ወላጅ አንዳንድ ጊዜ ከዚያ ያገኘዋል። ሆኖም ቃሉን የሚሰጠው ልጅ ወይም ጎረቤት እንጂ ሟቹ ራሱ አይደለምና፣ የተጻፈው ሁሉ የተረጋገጠ ነው ማለት አይቻልም።

በጋምቤላ የአያቶች መዝገብ ሆኖ የኖረው የሽማግሌዎች አእምሮ ነው። በባሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ዳር የሚኖሩት አኙዋና ኑዌር የትውልድ ሐረጋቸውን ጠንቅቀው ይቆጥራሉ። ቆጠራው ወደ ላይ እየወጣ ከመጀመሪያው አባት በደረሰ ጊዜ ግን፣ በሁለቱም ሕዝቦች ዘንድ፣ ሰው ቀርቶ ወንዝ ይገኛል።

በአኙዋ ትውፊት የመኳንንቱ ወገን የሚቆጠረው ከኦቹዶ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ዓሣ ይዘው፣ አንዱ በራሱ አንዱ በጅራቱ እየጎተቱ ሲጣሉ፣ ከውኃ የወጣ አንድ ሰው ዳኝነት ሰጣቸው ይባላል። ሰውየው ተይዞ ወደ መንደሩ አለቃ ወደ ቹዋይ ተወሰደ። የአለቃው ልጅ ከእርሱ ፀንሳ ጊሎን ወለደች፤ ኦቹዶም ወደ ወንዙ ተመለሰ። የንግሥና ምልክት የሆነው ጨሌ ከእርሱ የመጣ ነው ይላሉ። እንግዲህ የጊሎ እናት ከነአባቷ ስትታወቅ፣ የአባቱ ወላጆች ግን ከውኃው ወዲያ ቀርተዋል።

ከነጭ ዓባይ ወዲያ ማዶ ተነሥተው በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ሶባትና ወደ ባሮ የተሻገሩት ጂካኝ ኑዌሮች ደግሞ አባታቸው ኪር ነው። ኪር በወንዝ ላይ ሲንሳፈፍ በነበረ ቅል ውስጥ የተገኘ ሲሆን፣ ያገኘውም የዲንካ ሰው እንደ ነበረ ይተረካል። እዚህ ላይ አባትም እናትም የሉም፤ ያለው ቅሉ ብቻ ነው።

ይህን ነገር በጽሑፍ ካሰፈሩት አንዱ ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሕዝቦች ባህል ተመራማሪ ነው። ስለ ኑዌርና ስለ አኙዋ ያዘጋጃቸው ሁለት መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1940 ታተሙ። እርሱ እንዳስተዋለው የኑዌር ጎሣ ቆጠራ ከሕያዋን እስከ መጀመሪያው አባት ድረስ ከ10 እስከ 12 ትውልድ ነው፤ ዘመን ቢጨመርም ቁጥሩ ብዙም አይጨምርም። ምክንያቱም ቤቶች የሚለያዩበት አያት ስሙ ሲጠበቅ፣ ቅርንጫፍ ያላወጣው አያት ከመካከል እየተረሳ ይሄዳል። ስለዚህ ትውልዱን በዓመት አባዝቶ የኪርን ዘመን ለማውጣት የሚሞክር ሰው፣ የረዘመውን ዘመን አሳጥሮ ይገኛል። ነገሩ ለደጋው ሰውም እንግዳ አይደለም። እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ፣ በጎጃም ርስት የሚጠይቅ ሰው ሐረጉን እስከ አቅኚው አባት ይቆጥር ነበር፤ ከአቅኚው በላይ ያለውን መቁጠር ግን ለሙግቱ አያስፈልገውም ነበር። ቆጠራ የሚቆመው ጥያቄው ባለቀበት ነው።

የጽሑፍ ሰነድ በአካባቢው መበርከት የጀመረው ከግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ውል በኋላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በተዋዋሉት መሠረት፣ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቁሞ እስከ እ.ኤ.አ. 1956 በሱዳን አስተዳደር ሥር ቆየ። በዚያ ዘመን የሱዳን ሹማምንት የጻፏቸው ብዙ ወረቀቶች ዛሬ በካርቱምና በእንግሊዝ አገር በደርሃም ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1912 ከእንግሊዝ ጦር ጋር የተዋጋውን የአኙዋ መኮንን አክዌይ ዋ ቻምን የመሰለ ሰው ከነልጆቹ በእነዚህ ሰነዶች መከታተል ይቻላል። ኦቹዶና ኪር ዘንድ የሚደርስ ሰነድ ግን የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

የወላጆቹ ነገር የተመራማሪ ጉጉት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በዚሁ በተተወ ነበር። ዳሩ ግን የክልሉ ሕገ መንግሥት አኙዋን፣ ኑዌርን፣ መዠንግርን፣ ኦፖንና ኮሞን ነባር ብሔረሰቦች ብሎ ከጠቀሰ ወዲህ፣ የአያት ስም የመብት ማስረጃም ሆኗል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የታዘዘው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ከእንግዲህ የሚወለደው ልጅ ወላጆቹ በመዝገብ ይታወቃሉ፤ ያለፈውን ግን መዝገቡ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሞላውም። ለክርክር ሲባል ባዶው ቦታ በተፈጠረ ስም ቢሞላ፣ ስሙ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ የሚነቅለው አይገኝም።

ባዶው ቦታ ራሱ ምስክር ነው። ኦቹዶ ለመንደሩ እንግዳ ነበረ፤ ኪርንም ያገኘው የሌላ ሕዝብ ሰው ነው። ሁለቱ ሕዝቦች፣ ማን ነባር ማን መጤ ነው የሚለው ጥያቄ በሚያከራክርበት ምድር፣ የአባቶቻቸውን እንግድነት ሳይደብቁ ከትውልድ ወደ ትውልድ አስተላልፈዋል። እንዲህ ያለውን ቃል የሚመዘግብ ባለሙያ ተራኪው ማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተናገረ ይጻፍ፤ ሽማግሌው «ከወንዝ ወጣ» ባለበት ስፍራም «ከወንዝ ወጣ» ብሎ ያስፍር። የወላጆቹ ስፍራ ባዶ መሆኑ የመዝገቡ ጉድለት አይደለም፤ ባለታሪኮቹ ራሳቸው እንዲታወስ የፈለጉት ነገር ነውና።