ትምህርት ቤቱን ያስከፈቱት ወላጆች ናቸው

«እናቱ ጥላው አረብ ሀገር ስለሄደች ነው እንዲህ የሆነው።» ይህን ቃል በስልክ የሰማች እህት ከመሃላችን አትጠፋም። ልጇ ሦስት ዓመት አልፎት አፉን አልፈታም፣ ስሙን ሲጠሩት ዞር አይልም፣ አንድ ዕቃ ይዞ ሲያሽከረክር ይውላል። ጎረቤት ደግሞ ጥፋተኛዋን ወዲያው አግኝቷል። እኔ ስለ ኦቲዝም ማንበብ የጀመርኩት እዚህ ሪያድ በምሠራበት ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ስላለ ነው። ሳነብ የገረመኝ ነገር እናትን መውቀስ የኛ ሰፈር ፈጠራ አለመሆኑ ነው። የተማሩ ሰዎችም ወቅሰዋል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

በ1943 ሊዮ ካነር የሚባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ ሐኪም ስለ 11 ልጆች ጻፉ። ልጆቹ ከሰው ጋር መግባባት ይከብዳቸዋል፣ ሁሉ ነገር እንደነበረ እንዲቀጥል ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ባለሙያዎች ምክንያቱ የእናት ፍቅር ማጣት ነው አሉ። እናቶቹን «ፍሪጅ» እስከማለት ደረሱ፣ ልጇን የማታሞቅ ቀዝቃዛ ለማለት ነው። ብሩኖ ቤተልሃይም የሚባል ሰው በ1967 ይህንኑ ሐሳብ በመጽሐፍ አስፋፋው። ስንት እናት በዚህ ምክንያት አንገቷን ደፍታ ኖራለች!

መልሱ የመጣው ከወላጅ ነው። በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ምሁር ብቻ ሳይሆን ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባትም ነበር። በ1964 ባወጣው መጽሐፍ ነገሩ ከአእምሮ አሠራር እንጂ ከእናት ጠባይ አይደለም ብሎ ተከራከረ። በ1977 ደግሞ በእንግሊዝ መንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ። ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ መንትዮች ላይ ሁለቱም ኦቲዝም ያለባቸው ሆነው የሚገኙበት ጊዜ ከሌሎቹ መንትዮች ይበልጥ ነበር። ይህም ኦቲዝም በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋር አብሮ የሚመጣ መሆኑን አሳየ። እናት ሄደች፣ እናት ቀረች፣ ከዚያ የሚመጣ አይደለም።

ትምህርቱም ቢሆን በወላጆች ጩኸት ነው የተገኘው። ለንደን ውስጥ በ1962 ወላጆች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። ሲቢል ኤልጋር የምትባል መምህርት ልጆቹን መጀመሪያ በገዛ ቤቷ ታስተምር ነበር፤ በ1965 ማኅበሩ ትምህርት ቤት ከፈተ።

ወደኛ ስንመጣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስን እናገኛለን። እሳቸውም እንደኛ ስደት ያዩ ሴት ናቸው። ገና በወጣትነታቸው ከሀገር ወጥተው በጣሊያን በኩል አሜሪካ ገቡ። ኋላ ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ ኒያና የሚባል የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ከፈቱ። ልጃቸው ግን ኦቲዝም ነበረበት፣ የሚቀበለው ትምህርት ቤትም ጠፋ። ያኔ በኛ ሀገር ብዙው ሰው የኦቲዝምን ስም እንኳ አልሰማም። እርግማን ነው፣ ሰይጣን ነው ይባላል፤ ልጁም ከእንግዳ ዓይን ተደብቆ ጓዳ ይውላል። ወይዘሮ ዘሚ ግን ልጃቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ። በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ስር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በፊደላችን ድምፆች ላይ ተመሥርተውም ንግግር ለሚቸግራቸው ልጆች አቡጊዳ ፎኔቲክስ የሚባል የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። በ2021 አረፉ፣ ሥራቸው ግን ቀጠለ። በአዲስ አበባ ነህምያ የሚባል ሌላ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ችግሩ ቦታው ጥቂት፣ ወረፋው ብዙ መሆኑ ነው። ከከተማ ለራቀ ቤተሰብ ደግሞ የባሰ ነው።

እዚህ ያለንባት ሪያድም ሁሉን በአንዴ አላገኘችም። ለዓይነ ስውራን የኑር ተቋም የተከፈተው በ1960 ነው። የኦቲዝም ትምህርት በመንግሥት በኩል የተጀመረው ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ገንዘብ ያላት ሀገር እንኳ ይህን ያህል ዘግይታለች። ዛሬ በልዩ ትምህርት ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ዕቅድ ይወጣለታል፤ ወላጅም ዕቅዱን ያያል፣ ለውጡን ይከታተላል። በምሠራበት ቤት ልጁ ከማዕከሉ ሲመጣ ቦርሳው ውስጥ ደብተር አለ። «ዛሬ ጫማውን ራሱ አደረገ»፣ «ውሃ ሲፈልግ ሥዕሉን አሳየ» የሚል ነው የሚጻፍበት። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ነው። ለእናቱ ግን ወራት የፈጀ ድካም ውጤት ነው። ልጁ ከሰፈር ልጅ ጋር አይወዳደርም፤ የሚለካው ባለፈው ወር ከነበረበት ጋር ነው።

ደብተሩ እኮ ገንዘብ አይጠይቅም። ልጇን ለአያት ትታ የመጣች እህትም ይህን መከታተል ትችላለች። ስትደውዪ «ደህና ነው?» ብቻ ብለሽ አትዝጊ። «ደህና ነው» ይሉሻል፣ ያበቃል። ይልቅ ዝርዝሩን ጠይቂ። በዚህ ሳምንት ምን በራሱ አደረገ? ምን ሲያይ ደነገጠ? የሚፈልገውን እንዴት አሳየ? በቀን በቀን ጻፊው። ወረፋ ደርሶት መምህር ፊት የቀረበ ቀን፣ ያ ጽሑፍ ከወሬ ሁሉ ይበልጥ ይጠቅመዋል። «ስለሄድሽ ነው» ላለሽ ሰው ደግሞ ይህ ነገር በ1977 ተመልሷል በይው።