«ሲስተም የለም»፦ የክላውድ ታሪክ ከወልድያና ከመርሳ ሲታይ

«ሲስተም የለም።»

ወልድያም ይሁን መርሳ ባንክ ገብቶ ይህችን ቃል ሳይሰማ የወጣ ሰው ያለ አይመስለኝም። ገንዘቡ አለ፣ ሠራተኛዋ መስኮቱ ላይ አለች፣ ደብተሩም በእጃችን ነው። የሌለው ከአዲስ አበባ የሚመጣው መስመር ነው። ሰሞኑን «የክላውድ ሥልጠና»፣ «ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየቻናሉ በዝተዋል። ብዙ ወጣቶችም «ይጠቅመናል ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። መልሱን ፍለጋ ከዚህችው ቃል ብንነሳ ይሻላል።

ድሮ የባንክ ሒሳብ የሚኖረው በቅርንጫፉ መዝገብ ላይ ነበር። መርሳ የከፈተ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው መርሳ ሄዶ ነው። ባንኮች መዝገባቸውን በአንድ ማዕከል ሲያሰባስቡ ቅርንጫፉ መስኮት ብቻ ሆነ። ሰውየው ደሴም ሆኖ ገንዘቡን ያወጣል፤ መስመሩ ሲቋረጥ ግን ደጁ ላይ ቆሞም አያወጣም። የክላውድ ጥቅሙም ጉዳቱም በዚህ ውስጥ አለ። ስሙ ደመና ይባል እንጂ ሰማይ ላይ የተቀመጠ ነገር የለም፤ ሌላ ሰው ቤት ያለ፣ በኪራይ የምንጠቀምበት ማሽን ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1961 ጆን ማካርቲ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ኮምፒውተር አንድ ቀን እንደ ስልክ ሁሉ ለሕዝብ የሚዳረስ አገልግሎት ሊሆን እንደሚችል ተናግሮ ነበር። በ2006 አማዞን በመጋቢት የፋይል ማስቀመጫ፣ በነሐሴ ደግሞ የኮምፒውተር ጉልበት ማከራየት ጀመረ። ማይክሮሶፍትና ጉግል ተከተሉ። ወደ አህጉራችን ሲመጡ ሁሉም ያረፉት ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጉግል በ2024። እኛም ጋ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ይሸጣል።

የእኛ አካባቢ የክላውድ ታሪክ ግን የማሽን ታሪክ አይደለም፤ የመስመር ታሪክ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ በ1990ዎቹ ወረዳኔት መጥቶ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከማዕከል ጋር ማገናኘት ጀመረ። ባሕር በር ስለሌለን የዓለም ኢንተርኔት ዛሬም የሚደርሰን በጎረቤት አገሮች፣ በዋናነት በጅቡቲና በኬንያ በኩል ነው። ወልድያ ያለ ተማሪ ኬፕታውን ያለ ማሽን ላይ ሲሠራ ሥራው በእነዚህ ሁሉ እጆች ያልፋል። አንዱ እጅ ሲዝል ሁሉም ይቆማል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ቁስል መንካት ግድ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በህወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲም፣ ሆስፒታሉም፣ ሐብሩ ውስጥ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ዘረፋና ውድመት ደረሰባቸው። የተዘረፈ ኮምፒውተር በገንዘብ ይተካል። የአንድ ክረምት የማሽላ ሙከራ መዝገብ ግን ክረምቱ ስለማይመለስ አይተካም። የበሽተኛ ካርድም፣ የተማሪ ውጤትም፣ የመሬት ሰነድም እንዲሁ። ቅጂው ሌላ ቦታ ያልተቀመጠ ሰነድ ከቤቱ ጋር ይጠፋል። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ለክላውድ ይመሰክራል።

ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ በተቃራኒው ይመሰክራል። በሐምሌ 2015 በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በብዙ የክልሉ ከተሞች መቋረጡ ዓመት ገደማ ቆየ። ያን ጊዜ ሁሉን ነገር ክላውድ ላይ ያስቀመጠ ሰው ፋይሉ ምንም ሳይሆን፣ ሳይሰረቅ፣ ሳይቃጠል ሊደርስበት አልቻለም። ፍላሹን ኪሱ የያዘው ይሻል ነበር።

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይላል የአገሬ ሰው። እኛ ግን በአንዱም በሌላውም ዓይናችን ተጫውተናል።

ወደ ሰርተፊኬቱ ልመለስ። በሐምሌ 2016 ሁለት ነገሮች ገጠሙ። ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ነፃ ሥልጠና ይፋ ሆነ። በዚያው ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአማዞን የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ዋጋው 100 ዶላር ነው። ዶላሩ አልጨመረም፤ ለእኛ ልጅ ግን ከ5,700 ብር ተነሥቶ ከ10,000 በላይ ሆነ። በዚያ ላይ ብሩ ቢኖር እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ትምህርቱ ነፃ ነው፤ ደጁ ላይ ያለው ቀረጥ ግን ከባድ ነው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። የአማዞን ሰርተፊኬት የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ነው። የማይክሮሶፍት መካከለኛ ደረጃ ሰርተፊኬት በየዓመቱ ይታደሳል፤ እድሳቱ ግን በኢንተርኔት የሚሰጥና ነፃ ነው። አማዞን ለጀማሪ ይሰጥ የነበረውን የ12 ወር ነፃ አገልግሎት ከሐምሌ 2017 ወዲህ ለአዲስ ደንበኞች ለውጦታል፤ አሁን የሚሰጠው እስከ 200 ዶላር የሚደርስ ሒሳብ ነው፤ ነፃው ዕቅድ ቢበዛ በ6 ወር ያልቃል። ስለዚህ የ2 ዓመት የድሮ ቪዲዮ ይዞ የሚያሠለጥን ሰው ካገኛችሁ መጀመሪያ ይህን ጠይቁት። ትልቅነትም ዋስትና አይደለም፤ ጥቅምት 10 ቀን 2018 የአማዞን የቨርጂኒያ ማዕከል ሲታወክ ስመ ጥር የሆኑ አገልግሎቶች በዓለም ዙሪያ ለሰዓታት ተቋርጠዋል። ያን ዕለት ፈረንጁም «ሲስተም የለም» ብሏል።

ታዲያ ሥልጠናው ይቅር? አይቅር። የእነዚህ ፈተናዎች የመጀመሪያ ትምህርት «የጋራ ኃላፊነት» የሚባለው ነው። ሕንፃውንና ማሽኑን የሚጠብቀው ድርጅቱ ነው፤ መረጃችሁን፣ የይለፍ ቃላችሁንና ማን ምን ይክፈት የሚለውን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። ከመርሳ ወደ ደሴ ስንወርድ የምናልፋት ውጫሌ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣልያንኛው ሌላ ነገር ይል ነበር፤ ዳፋው እስከ ዓድዋ ደረሰ። ውልን አንብቦ የእኔ ድርሻ የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለዚህ አካባቢ ያስፈልገዋል። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሳይሆን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ለጤና ጣቢያው፣ ለሲሪንቃ መዝገብ የሚደርስ።

ምክሬ አጭር ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ነፃውን ትምህርት ጨርሱ፤ መስመር ባለ ጊዜ አውርዳችሁ መስመር በሌለ ጊዜ ተማሩ። ዶላሩን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ የሚሠራ ነገር ሠርታችሁ አሳዩ። መሥሪያ ቤቶች ሆይ፣ ባለሙያዎች እንደሚሉት የአንድ መዝገብ 3 ቅጂ ይኑራችሁ፤ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ ቢያንስ 1ዱ ከከተማው ውጭ። ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ከሚበላው ጋር አይቀላቅልም። እኛም መዝገባችንን እንደ ዘር ካልያዝነው የሚቀጥለው ክፉ ቀን ሲመጣ፣ አያምጣው እንጂ፣ «ሲስተም የለም» የሚለን ባንኩ ብቻ አይሆንም።