ቁጥሩ ሲጓዝ ዘዴው የት ይቀራል? ኩርኩሚን፣ የጤፍ ብረትና የዲጂታል ምግብ መቁጠሪያዎች

በ2017 የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር የሚያሳትመው የመድኃኒት ኬሚስትሪ መጽሔት ስለ ኩርኩሚን አንድ ረጅም ግምገማ ይዞ ወጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኩርኩሚን እርድን ቢጫ የሚያደርገው ውህድ ነው፤ በደረቅ እርድ ውስጥ ያለው መጠን ከመቶ ጥቂት እጅ አይበልጥም። ካትሪን ኔልሰንና ባልደረቦቻቸው የጻፉት ይህ ግምገማ አዲስ ግኝት አላቀረበም። ያደረገው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ለካንሰር፣ ለመርሳት በሽታና ለሌላም ሕመም ሁሉ ፍቱን እንደሆነ ሲያወድሱት የኖረውን ውህድ እንደማንኛውም የመድኃኒት እጩ መመዘን ነው። ውጤቱ የእርድ ወዳጆችን አላስደሰተም። ከ120 በላይ የክሊኒክ ሙከራዎች ተደርገውበት፣ ሐኪሙም ታካሚውም ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቁ ከማስመሰያ ክኒን ጋር ከተወዳደረባቸው መካከል አንዱም አልተሳካም ሲሉ ደራሲዎቹ ደመደሙ።

ታዲያ ያ ሁሉ ቤተ ሙከራ ምን አይቶ ነው? ማጭበርበር ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ በዚህ ዘርፍ ከታተሙ በኋላ የተሰረዙ ጽሑፎች መኖራቸውም እውነት ነው። ይህ ግን ትልቁን ክፍል አያስረዳም። የዛሬ የመድኃኒት ፍለጋ ፍተሻ በአብዛኛው በብርሃን የሚነበብ ነው፤ ኤንዛይሙ ሲሠራ ብርሃን ይታያል፣ ሲታገድ ብርሃኑ ይደክማል። ኩርኩሚን ደግሞ ራሱ ቀለም ነው። በ420 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ይውጣል፣ መልሶ በሌላ ቀለም ያበራል። ስለዚህ ኤንዛይሙን ባይነካው እንኳ የነካው ያስመስላል። መሣሪያው አልዋሸም፤ በዕቃው ውስጥ የነበረውን ብርሃን በትክክል ቆጥሯል። ብርሃኑ የማን እንደሆነ መለየት የተመራማሪው ሥራ ነበር።

ሌላም ጣጣ አለው። ኩርኩሚን ከፕሮቲኖች ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል፣ ብረትን የመሳሰሉ ማዕድናትን ይይዛል፣ የሕዋስን ሽፋን ያናጋል። ሴረም በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ፣ በሰውነት ሙቀትና በ7.2 ፒኤች፣ በ30 ደቂቃ ጊዜ 90 ከመቶ ያህሉ ይፈርሳል። እንግዲህ ውህዱን ሕዋስ ላይ ጨምሮ አንድ ቀን ካሳደረ በኋላ «ኩርኩሚን ይህን አደረገ» የሚል ጽሑፍ የገጠመው አንባቢ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ በዚያ ዕቃ ውስጥ ኩርኩሚን እስከ ስንት ሰዓት ነበር የሚለውን ነው።

የመድኃኒት ኬሚስትሪ ሙያ ይህን ችግር የነቃበት በ2017 አይደለም። በ2002 የብራያን ሾይኬት ቡድን በዚያው መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው ውህዶች ውሃ ውስጥ እየተሰባሰቡ ፕሮቲኑን ላያቸው ላይ በማጣበቅ ብቻ «እንደሚያግዱ» አሳየ። ከዚህ ምርምር አንድ ርካሽ መፈተኛ ተወለደ፤ በፍተሻው ፈሳሽ ላይ ጥቂት ሳሙናማ ንጥረ ነገር ይጨመራል። እገዳው ከጠፋ፣ የታየው የመድኃኒት ሥራ ሳይሆን የስብስብ ሥራ ነው ማለት ነው። በ2010 ደግሞ ጆናታን ቤልና ጆርጂና ሆሎዌይ በፍተሻ ላይ በተደጋጋሚ የሚያሳስቱ የሞለኪውል ቅርጾችን ዘርዝረው ፔይንስ የሚል ስም ሰጧቸው። ማስጠንቀቂያው በዘርፉ ዋና መጽሔት ላይ፣ በግልጽ ቋንቋ ታትሞ ነበር። የኩርኩሚን ጽሑፎች ግን ከዚያም በኋላ መፍሰሳቸውን አላቆሙም።

ለምን? እኔ እስከማየው ድረስ መልሱ ያለው ጥቅስ በሚሠራበት መንገድ ላይ ነው። አንድ ደራሲ የሌላውን ሥራ ሲጠቅስ የሚያሸጋግረው ድምዳሜውን ነው፤ ፈሳሹ ውስጥ ሳሙና ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቦታ የለውም። ቀጣዩ ደራሲ የመጀመሪያውን ሳይሆን ሁለተኛውን ይጠቅሳል። የነርቭ ሐኪሙ ስቲቨን ግሪንበርግ በ2009 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ላይ ይህን ጉዞ በካርታ አስፍረውታል። በአንድ የጡንቻ በሽታ ውስጥ ቤታ አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን ስላለው ድርሻ የሚናገሩ 242 ጽሑፎችንና በመካከላቸው ያሉ 675 ጥቅሶችን ተከታትለው፣ ደጋፊ ጥናቶች ደጋግመው ሲጠቀሱ የሚቃረኑት እንደተዘለሉ፣ መላምት የነበረውም ነገር አዲስ ማስረጃ ሳይጨመርለት በጥቅስ ብቻ ወደ እውነታ እንዳደገ አሳዩ።

ስፒናች በብረት የታወቀው በአንድ የነጥብ አቀማመጥ ስህተት ነው የሚለውንም ወሬ ብዙ ሰው ሰምቷል። ኖርዌያዊው ኦሌ ብዮርን ሬክዳል በ2014 እንዳስታወሱት፣ ስለ ጥቅስ ጥንቃቄ ለማስተማር የሚነገረው ይህ ታሪክ ራሱ የሚያስተማምን ምንጭ የለውም።

ብረት ከተነሣ ዘንድ ወደ ጤፍ እንለፍ። ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው የሚለው አባባል ዛሬ ከዱቄት ከረጢት አንስቶ እስከ ምሁራዊ ጽሑፎች መግቢያ ድረስ ይገኛል። ከምንጮቹ አንዱ በ1960ዎቹ የተሠራው ሥራ ነው። በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው፣ ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ ያስገኘው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ በ1968 ለኢትዮጵያ የተዘጋጀውን የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ የመጀመሪያ ክፍል አሳተመ። አዘጋጆቹ ኦግሬንና ጊብሰን ነበሩ። በዚያው ዓመት ሐኪሙ ኢንግቬ ሆፍቫንደር የኢትዮጵያውያንን ደም ከከፍተኛ የብረት አወሳሰድ ጋር አያይዘው የመረመሩበት ጥናት ወጣ። ሁለቱም ለዘመናቸው የተመሰገኑ ሥራዎች ናቸው።

ከዚያ ቀደም ብሎ ግን፣ በ1963፣ አልምጎርድ የተባሉ ተመራማሪ በስዊድን የግብርና ኮሌጅ የምርምር መጽሔት ላይ የዚህን ብረት ምንጭ ከርእሳቸው ጀምረው ጽፈውት ነበር፤ በኢትዮጵያ ጤፍና በሌሎች ጥቂት ሰብሎች ላይ የታየው የብረት ብዛት የብክለት ውጤት ነው ብለው። ነገሩ አውድማ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ጤፍ መሬት ላይ ተዘርግቶ በበሬ ኮቴ ይወቃል። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከክብደቱ አንጻር የገላው ስፋት ትልቅ ነው፤ አቧራውም ያን ያህል ይይዘዋል። የደጋው ቀይ አፈር ደግሞ ቀይነቱን ያገኘው ከብረት ነው። በ1980 የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የጤፍን ብረት በትችት ዓይን የመረመረ ጥናት አወጣ፤ እህሉ በቀጭን አሲድ ሲታጠብ ከብረቱ ብዙው አብሮ ይሄዳል። እዚህም መሣሪያው አልዋሸም። ዕቃው ውስጥ የገባውን ብረት ቆጥሯል፤ ከብረቱ ግን ከፊሉ የአፈሩ ነበር።

ቃለአብ ባዬ በ2014 ባዘጋጁት ግምገማ የተሰበሰቡት ቁጥሮች የልዩነቱን ስፋት ያሳያሉ። በ100 ግራም ነጭ ጤፍ ከ9.5 እስከ 37.7 ሚሊግራም፣ በቀይ ጤፍ ከ11.6 ተነሥቶ ከ150 ሚሊግራም በላይ። ስንዴ 3.7 አካባቢ ነው። የአንድ እህል ብረት ከአሥር እጥፍ በላይ ሲራራቅ ልዩነቱን በዘሩ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

ይህ ማለት ግን የአፈር ብረት ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ከኩርኩሚን ጋር ያለው ተመሳሳይነት የሚያበቃውም እዚህ ላይ ነው። የውሸት ብርሃን ማንንም አያድንም፤ የአፈር ብረት ግን ብረት ነው። አብዛኛው በቀላሉ የማይሟሟ ኦክሳይድ ቢሆንም፣ ከፊሉ በአንጀት ውስጥ ከምግቡ ብረት ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ምን ያህሉ የሚለው በአፈሩ ዓይነት፣ ብረት በሰውነት እንዳይወሰድ በሚያግደው ፋይቴት የተባለ የእህል ውህድ መጠንና በሊጡ አቦካክ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በእርሾ በሚገባ የቦካ ሊጥ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ቸኩሎ የተጋገረ እንጀራ ይህን ዕድል ያጣል። ደም ማነስ ላለባት ነፍሰ ጡር የሚጠቅማት ጥያቄ ሰውነቷ ስንቱን ይወስዳል የሚለው ነው። ለዚህ በሰንጠረዥ ላይ የተጻፈ አንድ የብረት ቁጥር መልስ አይሆንም፤ ሐኪሟ ያዘዘላትንም ክኒን አይተካም።

አሁን ይህ ሁሉ ታሪክ በስልክ መተግበሪያ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚቀረው እንይ። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ምሳውን ለመመዝገብ «ጤፍ» ብሎ ቢፈልግ፣ ቁጥሩ ከአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሰንጠረዥ ተወስዶ ከሆነ 100 ግራም ጥሬ ጤፍ 7.63 ሚሊግራም ብረት እንዳለው ያነባል። ከኢትዮጵያ ቁጥሮች የተወሰደ ከሆነ ብዙ እጥፍ ሊያገኝ ይችላል። ሁለቱም በየራሳቸው ናሙና ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። በአሜሪካዋ አይዳሆ ግዛት በኮምባይነር የሚታጨድ ጤፍ የበሬ ኮቴ አይነካውም፤ ሰውየው ይህን የሚያውቅበት መንገድ ግን የለም። ሚኒስቴሩ በ2019 የከፈተው ፉድዳታ ሴንትራል የተባለው የመረጃ ቋት ቁጥሩ በላቦራቶሪ የተለካ ይሁን በስሌት የተገመተ የሚለዩ ምልክቶች አሉት፤ እነዚህ ምልክቶች ከብዙ መተግበሪያዎች መስኮት ላይ ይቀራሉ። ተጠቃሚዎች ራሳቸው ምግብ መዝግበው በሚጨምሩባቸው ቋቶች ደግሞ የዱቄት ቁጥር በቀጥታ ለእንጀራ ይሰጣል፤ ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ በላይ ውሃ መሆኑ ይረሳል። ያልተለካ ንጥረ ነገር ዜሮ ሆኖ የሚደመርበትም ጊዜ አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ምሁራዊ ጽሑፍ ቢያንስ ተከታትሎ ወደ ምንጩ መመለሻ ዋቢ ያስቀምጣል፤ መተግበሪያው ዋቢውንም ይሰርዘዋል። በእነዚህ ቋቶች ላይ የሚሠለጥኑ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓቶችም የሚማሩት ያንኑ እርቃኑን የቀረ ቁጥር ነው።

ከመድኃኒት ኬሚስቶቹ ሳሙና ጋር የሚመሳሰል መፈተኛ ለምግብ ይዘት ባለሙያም አለ። አፈር በአሉሚኒየምና በቲታኒየም የተሞላ ነው፤ ንጹሕ የእህል ፍሬ ግን ከሁለቱም ያለው ኢምንት ነው። በአንድ የጤፍ ናሙና ውስጥ ብረቱ ሲጨምር አሉሚኒየሙም አብሮ ከጨመረ፣ ጭማሪው ከየት እንደመጣ ይታወቃል። መለኪያ መሣሪያዎቹ ብዙ ማዕድናትን በአንድ ጊዜ የሚያነቡ በመሆናቸው የሚጨመረው ወጪ ትንሽ ነው። በሰንጠረዡ ረድፍ ላይ ከብረቱ አጠገብ የአሉሚኒየሙ ቁጥር፣ የጤፉ ቀለም፣ የተወቃበት ሁኔታ፣ ታጥቦ ይሁን ሳይታጠብ የተለካ፣ የናሙናው ብዛትና ዓመቱ ቢሰፍሩ መተግበሪያ ሠሪው የሚደብቅበት ሰበብ አይኖረውም።

የመወቂያ ማሽን እየተስፋፋ ባለበት በአሁኑ ጊዜ ይህ ይበልጥ አስቸኳይ ነው። ከአውድማ ዘመን የተወሰደ ቁጥር በማሽን ለተወቃ ጤፍ ላይሠራ ይችላል፤ የብረት አወሳሰድ ግምትም ማንም ሳያስተውለው ከእውነታው ሊርቅ ነው። ከአንድ ማሳ የታጨደን ጤፍ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በአውድማ ግማሹን በማሽን ወቅቶ፣ የሁለቱንም ብረትና አሉሚኒየም ጎን ለጎን መለካት፣ ከየክፍሉም በቤት ደንብ የቦካ እንጀራ ጋግሮ ፋይቴቱን መመርመር ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚበቃ፣ ከአንድ የመኸር ወቅት የማያልፍ ሥራ ነው።