አበልጅ እንዴት ሐሜተኛ ሆነ?

ሰሞኑን ሻይ እየጠጣን አንድ ወዳጄ “‘ጎሲፕ’ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?” አለኝ። ዝም ስል ቀጠለ። ጋዜጣና ሬዲዮ ባልነበረበት ዘመን የእንግሊዝ ሹማምንት ሕዝቡ ምን እንደሚል ለማወቅ ሰላዮቻቸውን “ጎ ሲፕ!” ማለትም “ሂድና ፉት በል!” እያሉ ወደ መጠጥ ቤት ይልኩ ነበር አሉ። ሁለቱ ቃላት ተጋጠሙና ሐሜት ማለት ሆኑ። ታሪኩ ደስ ይላል። ችግሩ ይሄም ራሱ አሉባልታ መሆኑ ነው።

የቃሉ ጥንታዊ መልክ “ጎድሲብ” ነው። “ጎድ” እግዚአብሔር፣ “ሲብ” ዘመድ። ወንድም ይሁን ሴት፣ ልጅ ክርስትና የሚያነሳ ሰው መጠሪያ ነበር። በእኛ አነጋገር፣ ለወላጆቹ አበልጅ ማለት ነው! ሼክስፒር እንኳ እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ በጻፈው “የስህተቶች ኮሜዲ” መጨረሻ ላይ ገጸ ባሕርያቱ የሚጋበዙት ወደ አበልጆች ድግስ ነው።

ታዲያ አበልጅ ምን ነክቶት ሐሜተኛ ሆነ? በዚያ ዘመን አንዲት እንግሊዛዊት ምጥ ሲይዛት የቅርብ ወዳጆቿ ይሰበሰባሉ። እነሱም “ጎሲፖች” ይባሉ ነበር። ወንድ አይገባም። ለአራሷና ለጠያቂዎቿ በአጃ የወፈረ፣ ቅመም የገባበት ትኩስ መጠጥ ይቀርባል። ከእኛ አጥሚት ብዙም አይርቅም። ጨዋታው ይደራል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ ወሬኛን መንቀፊያ ሆነ፤ በ19ኛው መጀመሪያ ደግሞ የወሬው የራሱ ስም ሆኖ አረፈው። ፈረንሳዮችም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ “ኮሜር” መጀመሪያ የክርስትና እናት ነበረች፣ ኋላ ወሬኛ ተባለች።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ቃሉን ያበላሹት ከክፍሉ ውጪ የቆሙት ናቸው። ሳቁን ይሰማሉ፣ ወሬውን አይሰሙም።

ይህን ስል ራሴን ነፃ አላወጣም። ልጅ ሳለሁ እናቴ አራስ ሆና ጎረቤቶቿ ገንፎ ሊበሉ መጡ። በረንዳ ላይ የተቀመጡት ወንዶች “ሐሜታቸውን ጀመሩ!” አሉ። እኔም ተቀብዬ ሳስተጋባ ዋልኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴ የዚያን ቀኑን ወሬ ነገረችኝ። አንዷን ጎረቤት ባሏ ይደበድባት ኖሯል። ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይመክሩ የነበረው፣ ማታ ልጆቿን ይዛ ማን ቤት እንደምታድር ነበር።