ትንሽ ግን ተናካሽ ውሻ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ መብራት በጠፋበት አንድ ማታ፣ ስድስት ሆነን በዶርማችን አንዲት ስልክ ከብበን ተቀምጠናል። የምናዳምጠው ፖድካስት ነው። አምስት ጓደኛሞች ጠረጴዛ ዙሪያ ሆነው ይጫወታሉ። አንዱ ይተርካል፤ አራቱ በትረካው ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ሆነው ይናገራሉ፣ ይወስናሉ። ነገሩ ይሳካ አይሳካ የሚፈርደው ዳይስ ነው፤ በየፊቱ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር። የሚጫወቱበት ዓለም ጨለማ ነው፤ ወረርሽኝ መንደሩን ጨርሷል፣ ጫካው ሰው ይበላል፣ ንጉሡ አእምሮውን ስቷል። ከአራቱ አንዱ አይጥ አዳኝ ነው፤ ሀብቱ አንድ ዘንግ፣ ጥቂት ወጥመድና አንድ ውሻ። ይኸው ሰው የተሰበረ ድልድይ ልሻገር ብሎ ጠጠሩን ቢወረውር የመጨረሻዋ ትንሽ ቁጥር መጣችበትና ወንዝ ገባ። ውሻው ግን በሰላም ተሻገረ። ዞሮም ጮኸበት። በሣቅ ፈረስን።

አንዱ ጓደኛችን ግን አልሣቀም። ወንድሙን በጦርነት ያጣ ልጅ ነው። «በሰው ሞት ይሣቃል እንዴ? ያውም በዚህ ዘመን?» አለና ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ሣቃችን ጉሮሯችን ላይ ቀረ።

ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያች ማታ ነው። ልጁን ተከትለን ወጥተን ልናስረዳው ብንሞክርም አልሆነልንም፤ እኛም ራሳችን ለምን እንደሣቅን አናውቀውም ነበርና። ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የምናጠና ተማሪዎች እንደ መሆናችን የምናውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ነገሩን ከሥሩ መመርመር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጄኔራሉ ጠረጴዛ

ለመሆኑ ይህ ጨዋታ ከየት መጣ? መልሱ እኛንም አስደንቆናል፤ የመጣው ከጦር ሠፈር ነው። በ1812 ፎን ራይስቪትዝ የተባለ ፕሩሲያዊ የጦር ሜዳ የሚመስል ጠረጴዛ ሠርቶ ለንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም 3ኛ አቀረበ። በ1824 ደግሞ መኮንን የነበረው ልጁ ጨዋታውን አሻሽሎ ደንቡን አሳተመ። ክሪግሽፒል ይሉታል፤ የጦርነት ጨዋታ ማለት ነው። መሬቱ በ1 ለ8,000 መጠን በካርታ ይነሣል፤ ጦሩ በትንንሽ ቁራጮች ይወከላል፤ ተጋጣሚዎቹ ትእዛዛቸውን ለዳኛ ይሰጣሉ። ዳኛው ለእያንዳንዱ ወገን ሊያየው የሚችለውን ብቻ ያሳየዋል። ስንት ሰው እንደወደቀ የሚነግረው ጠጠሩ ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሦስቱ ዋና ዋና ነገሮች፣ ማለትም ዳኛው፣ ጠጠሩና የተደበቀው መረጃ፣ ያን ጊዜውኑ ተሟልተዋል። በ1876 ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለው መኮንን ደንብ ማብዛቱ ጨዋታውን ስላንዛዛው ፍርዱ ለልምድ ላለው ዳኛ ይለቀቅ ብሎ እስከ ማሳሰብ ደርሷል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ይጎድላል፤ ሰው። በዚያ ካርታ ላይ ስም ያለው ወታደር የለም። የጄኔራሉ ዓይን ከላይ ነው፤ ከላይ ለሚያይ ደግሞ ሞት ሒሳብ ነው። የሚያለቅስ የለም። የሚሥቅም የለም።

በራሪ ወረቀት በታኙ

ከዚህ በኋላ ጨዋታው ረጅም ዘመን ተጉዞ፣ ከመኮንኖች እጅ ወጥቶ፣ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ሆነ። በ1969 ዴቪድ ዌስሊ የተባለ ወጣት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በነዚያ መንትያ ከተሞች፣ ጓደኞቹን ሰብስቦ በናፖሊዮን ዘመን የሚካሄድ የጦር ጨዋታ አዘጋጀ። ውጊያው የታሰበው ብራውንስታይን በምትባል የፈጠራ ከተማ አጠገብ ነው። ዌስሊ ግን ከሁለቱ አዛዦች ሌላ ለተረፉት ጓደኞቹ የከተማዋን ሰዎች አደላቸው፤ አንዱን ከንቲባ፣ አንዱን ባለ ባንክ፣ አንዱን የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ አደረጋቸው። ታዲያ ምን ሆነ? ውጊያው ተረሳ! ሁሉም በየጥጋጥጉ ሲያሴር፣ ሲዋዋል፣ ሲዋሽ አመሸ። ዌስሊ ነገሩ ተበላሸብኝ ብሎ አዘነ፤ ጓደኞቹ ግን ድገመን አሉት።

ከተደገሙት አንዱ መፈንቅለ መንግሥት በማያጣት በአንዲት ትንሽ ሪፑብሊክ የሚካሄድ ነበር። ዴቭ አርነሰን ለተባለው ተጫዋች የደረሰው ሚና የተማሪ አብዮተኛ ነው፤ ነጥብ የሚቆጠርለት በራሪ ወረቀት አሳትሞ በመበተን። አርነሰን ሆዬ የሐሰት የሲ.አይ.ኤ. መታወቂያ ይዞ መጥቶ ሁሉንም አሞኛቸው፤ በመጨረሻም በሄሊኮፕተር ከከተማዋ በላይ ሆኖ ወረቀቱን አዘነበው ይባላል።

እኛ አገር በዚያው በሰባዎቹ በራሪ ወረቀት ይዞ መገኘት ምን ያስከፍል እንደነበር ከወላጆቻችን ሰምተናል። ስለዚህ ይህን ታሪክ ስናነብ አንድ ዓይናችን ሥቆ አንዱ አልሣቀም። ቢሆንም ቁም ነገሩ ግልጽ ነው። ተጫዋቹ ከጄኔራሉ ከፍታ ወደ ጎዳናው የወረደው ያኔ ነው፤ ሣቅም ጠረጴዛው ላይ የወጣው ከእርሱ ጋር ነው።

በ1974 ይኸው አርነሰን ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን፣ የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ። ዳኛው አሁን ተራኪ ሆኗል። ይሁንና እዚያ ያለው ሰው ጀግና ነው፤ ጎራዴ ወይም አስማት ይዞ ምድር ቤት ይወርዳል፣ ዘንዶ ይገድላል፣ ወርቅ ተሸክሞ ይወጣል፣ በየጊዜውም ኃይሉ ይጨምራል። አፋፉን የሚወጣ ሰው ነው። እስካሁን ድረስ ተራው ሰው አልመጣም።

አይጥ አዳኙ

ተራው ሰው የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው ድርጅት በ1975 ለንደን ውስጥ ተመሥርቶ የአሜሪካኖቹን ጨዋታ በአውሮፓ ያከፋፍል ነበር። በ1983 «ዋርሀመር» የተሰኘውን የራሱን የጦር ጨዋታ አወጣ፤ ይኸኛውም ቢሆን አሻንጉሊት ወታደሮች የሚሰለፉበት፣ ከላይ የሚታይ ነበር። በ1986 ግን በዚያው ዓለም የሚኖሩ ሰዎችን ሆኖ የሚጫወቱበት መጽሐፍ ታተመ። ዓለሙ የ16ኛውን ምዕተ ዓመት ጀርመን ይመስላል፤ ጭቃ፣ ወረርሽኝ፣ ጉቦኛ ሹም፣ ከውስጥ የሚበላ ክፉ አምልኮ።

ጀግናው ታዲያ ማነው? ጠጠር ወርውረህ የደረሰህ ነዋ! መጽሐፉ ውስጥ ለማኝ አለ፣ መቃብር ቆፍሮ የሚሰርቅ አለ፣ አሽከር አለ፣ ወረቀት የሚበትን ቀስቃሽ አለ። ሣቁብን እንጂ ተማሪም አለ። አይጥ አዳኝም አለ፤ ንብረቱ በዝርዝር ተጽፏል፤ ወንጭፍ፣ ወጥመዶች፣ የሞቱ አይጦች የተንጠለጠሉበት ዘንግ፣ እና «ትንሽ ግን ተናካሽ ውሻ»። ይህች አንዲት ሐረግ በተጫዋቾች ዘንድ ከጎራዴው ሁሉ ይበልጥ ዝነኛ ሆነች።

እንግሊዝ በዚያን ጊዜ እንዴት ነበረች? የሥራ አጡ ቁጥር ከ3 ሚሊዮን በላይ ነው። የማዕድን ሠራተኞች ታላቅ አድማ ተሸንፎ ያበቃው በመጋቢት 1985 ነው። ጨዋታውም የተዘጋጀው በኖቲንግሃም፣ በከሰል አገር መካከል ነው። ይህንና ያንን አገናኝቶ እንዲህ ስለሆነ እንዲህ ሆነ ማለት የችኮላ ድምዳሜ ይሆናል። ነገር ግን ሥራና ሙያ ዕጣ በሆነበት አገር ውስጥ ሙያን በጠጠር የሚያድል ጨዋታ መውጣቱን ልብ ማለት ወንጀል አይደለም።

ሣቁም እንዴት እንደተሠራ እንይ። በዚያው በ1986 በወጣው «ጠላት በውስጥ» በተሰኘው ተከታታይ ትረካ፣ ተጫዋቾቹ መንገድ ላይ አንድ ሬሳ ያገኛሉ። ሟቹ ከመካከላቸው አንዱን ቁርጥ ነው! ኪሱ ውስጥ ርስት እንደ ወረሰ የሚገልጽ ደብዳቤ አለ። ድሃ ምን ያደርጋል? የሟቹን ስም ለብሶ ርስቱን ሊቀበል ይሄዳል። ደብዳቤው ግን ወጥመድ ነው፤ ሟቹ የክፉው አምልኮ አባል ስለነበር ራሱን የሚያድን አዳኝ ያዘጋጀው ማጥመጃ። ሰውየው ርስት ልወርስ ብሎ የሰው ጠላት ወረሰ። ይህ ቀልድ ከላይ ሆኖ በድሃ የሚያሾፍ ቀልድ አይደለም። ድሃው ራሱ፣ ተስፋውን በኪሱ ይዞ፣ ውስጡ ገብቶ የሚኖረው ቀልድ ነው።

መጽሐፉ አንድ ምሕረት ግን አድርጓል። እያንዳንዱ ሰው ጥቂት የዕድል ነጥቦች አሉት። መሞቻው ሲደርስ አንዷን ከፍሎ በአንድ ምክንያት ይተርፋል። ነጥቡ ሲያልቅ ያው እንደ ማንኛውም ሰው ነው።

ጠረጴዛው ጆሮ ውስጥ ሲገባ

ይህ ሁሉ ለብዙ ዘመን ጠረጴዛው ዙሪያ ለነበሩት ብቻ የቀረ ነበር። ማታ ተሣቀ፣ ጠዋት ተረሳ። ፖድካስት የሚለው ስም በ2004 ከተፈጠረ በኋላ ግን ድምፁ ጠረጴዛ ለሌለውም ደረሰ። በ2014 ማክኤልሮይ የሚባሉ ሦስት ቀልደኛ ወንድማማቾች ከአባታቸው ጋር «ዘ አድቬንቸር ዞን»ን ጀመሩ። በ2015 ማቲው መርሰር የሚመራቸው የድምፅ ተዋንያን «ክሪቲካል ሮል»ን አቀረቡ፤ እነዚህ በ2019 ካርቱን ለማሠራት 750,000 ዶላር ቢለምኑ አድማጭ ከ11 ሚሊዮን በላይ አዋጣላቸው። ወንድማማቾቹ የጀመሩት በተዘጋጀ ታሪክ ላይ እየቀለዱ ነበር። በ2017 የመጀመሪያው ትረካ ሲያልቅ ግን ቀልደኛው ጠንቋይ መንትያ እህቱን ጭምር እንዲረሳ ተደርጎ እንደኖረ ታወቀ። ከጅምሩ ሲሥቅ የመጣ አድማጭ እዚያ ላይ ቢያለቅስ አይፈረድበትም። ወደ ልቅሶው ያደረሰው ያ ሁሉ ሣቅ ነውና።

ጨለማውም ጠለቀ። በ2020 ፔሌ ኒልሶንና ዮሃን ኑር የተባሉ ስዊድናውያን «ሞርክ ቦሪ» የሚባል ጨዋታ በእንግሊዝኛ አሳተሙ። በዚያ ዓለም ማለዳ ማለዳ ጠጠር ይወረወራል፤ አንድ ከመጣ አንድ መዓት ይወርዳል። ሰባተኛው ላይ ዓለም ያበቃል፤ መጽሐፉም ራሱ እንዲቃጠል ያዛል። ከዚህ የባሰ ጨለማ ከየት ይመጣል? ነገር ግን ተጫዋቹ መነሻ ላይ ሊደርሱት ከሚችሉት ዕቃዎች መካከል ምን አለ? ትንሽ ግን ተናካሽ ውሻ። ከ1986 ተነሥታ፣ ባሕር ተሻግራ፣ የዓለም መጨረሻ ላይ ደርሳለች።

ለጓደኛችን

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ያገኘነው አንድ ነገር ነው። ይህ ጨዋታ ከጄኔራሉ ዓይን ወደ አይጥ አዳኙ ዓይን የወረደ ጨዋታ ነው። ሣቁ የመጣው ሞት ስለ ቀለለ አይደለም፤ ሟቹ ስም፣ ዘንግና ውሻ ስላገኘ ነው። ካርታው ላይ የወደቀ ቁራጭ አያሥቅም፣ አያስለቅስምም። ወንዝ የገባው አይጥ አዳኝ ግን ሁለቱንም ያደርጋል፤ ምክንያቱም እኛም ያንን ድልድይ እናውቀዋለን።

ሣቅ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። መንደርተኛውን ለቀልድ ሲሉ የሚያሰቃዩ፣ ለማኙን የሚያዋርዱ ተጫዋቾችም ሰምተናል። እነርሱ ወደ ጄኔራሉ ወንበር ተመልሰው ወጥተዋል። የወደቀውን ከላይ ሆኖ እያዩ መሣቅና ከወደቀው ጋር ወድቆ መሣቅ ሰማይና ምድር ናቸው። መለኪያችን ይኸው ነው፤ ቀልዱን ብቻ ሳይሆን ሣቂው የቆመበትን ቦታ መጠየቅ።

ይህም ሆኖ የጓደኛችንን ጥያቄ ጨርሰን አልመለስንም። ጠረጴዛው ላይ የሞተ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል። የጓደኛችን ወንድም የዕድል ነጥብ አልነበረውም፤ ጠጠሩንም የወረወሩት ሌሎች ናቸው፣ ከላይ ሆነው፣ በካርታ ላይ። ስለዚህ ሣቅ አንለውም። መሣቅ ዕዳ አይደለም።

በዚያች ማታ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ በሩን ከፍቶ ገባ። መብራት አልመጣም፤ እኛም አልተኛንም። ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ተጋደመና ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣

«ውሻውስ ምን ሆነ?» አለን።

አላወቅንም ነበር። ስልኩን ከፍተን ካቆምንበት ቀጠልን።