ያሸነፈው የተሻለው ነውን? የኦኤስ/2 እና የዊንዶውስ ውድድር ታሪክ

ስለ ግል ኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወናዎች የሚደረገው ክርክር እስከ ዛሬ ድረስ በተማሪዎች መካከል ሲነሣ ይሰማል። አንዱ ወገን፥ ብልጫ የሌለው ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሰው ባልመረጠው ነበር ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ የገበያ ድል ለሥራ ጥራት ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ድሉ የተገኘው በገንዘብና በውል ብልሃት ነው ሲል ይመልሳል። ሁለቱም አስተያየቶች ባለፈው ጊዜ ስለተፈጸመ ነገር የሚናገሩ ስለሆኑ፥ በስሜት ሳይሆን በታሪክ ማስረጃ ሊመዘኑ ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ የታወቀ ምሳሌ ወስዶ፥ ይኸውም ከ1985 እስከ 1996 በኦኤስ/2 እና በዊንዶውስ መካከል የተደረገውን ውድድር ተከትሎ፥ ከሁለቱ አስተያየቶች የትኛው ከማስረጃው ጋር እንደሚስማማ ለማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። ሥርዓተ ክወና ስንልም የኮምፒዩተሩን ልዩ ልዩ ክፍሎች፥ ማለት ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውን፣ ዲስኩንና ስክሪኑን እያስተዳደረ ሌሎች ፕሮግራሞች እንዲሠሩበት የሚያደርገውን መሠረታዊ ፕሮግራም ማለታችን ነው።

፩. የውድድሩ መነሻ

አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን ግል ኮምፒዩተሩን ለሕዝብ ያስታወቀው በነሐሴ ወር 1981 ነው። ለዚሁ መሣሪያ የሚሆነውን ሥርዓተ ክወና ያቀረበው ማይክሮሶፍት ሲሆን፥ እርሱም ቢሆን ሥርዓቱን ከመሠረቱ አልጻፈውም፤ ቲም ፓተርሰን ከጻፈለት ከሲያትል ኮምፒዩተር ፕሮዳክትስ ገዝቶ ካሻሻለው በኋላ ዶስ በሚል ስም አቀረበው። በውሉ ውስጥ ግን አንድ ታላቅ ነገር ነበር። ማይክሮሶፍት ዶስን ለሌሎች ኮምፒዩተር ሠሪዎችም ለመሸጥ መብቱን ጠብቆ ቆየ። ስለዚህ ከ1982 ጀምሮ ሌሎች ኩባንያዎች የአይ.ቢ.ኤምን መሣሪያ የሚመስሉ ኮምፒዩተሮች መሥራት በጀመሩ ጊዜ፥ መሣሪያው ከማንም ቢገዛ የዶሱ ገንዘብ ወደ ማይክሮሶፍት ይገባ ነበር።

ዶስ ርካሽና ቀላል ቢሆንም ጉድለቱ ግልጽ ነበር። በአንድ ጊዜ የሚያሠራው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ፕሮግራሞች ሊጠቀሙበት የሚችሉት ሜሞሪ ከ640 ኪሎባይት አያልፍም። ከዚህም በላይ አንድ ፕሮግራም ሲበላሽ መላውን ኮምፒዩተር ይዞ ይወድቅ ነበር። የዶስን ጉድለት የማያውቅ ስላልነበረ፥ የቀረው ጥያቄ በምን ይተካ የሚለው ብቻ ነበር።

፪. የሁለቱ ኩባንያዎች ስምምነትና መለያየት

በ1985 አይ.ቢ.ኤም. እና ማይክሮሶፍት አዲስ ሥርዓት በኅብረት ለመሥራት ተዋዋሉ። የዚህ ሥራ ውጤት የሆነው ኦኤስ/2 በሚያዝያ 1987 ታውቆ በታኅሣሥ በዚያው ዓመት ለገበያ ቀረበ። ሥርዓቱ ብዙ ፕሮግራሞችን በአንድ ጊዜ ያሠራል፤ የአንዱን ሜሞሪ ሌላው እንዳይነካው ይከለክላል፤ እስከ 16 ሜጋባይት በሚደርስ ሜሞሪም ሊጠቀም ይችላል።

ነገር ግን የመጀመሪያው ኦኤስ/2 ሁለት ከባድ ሸክሞች ነበሩበት። አንደኛው፥ በአይ.ቢ.ኤም. ፍላጎት የተዘጋጀው 286 ለተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር መሆኑ ነው። ይህ ፕሮሰሰር ለአሮጌዎቹ የዶስ ፕሮግራሞች በደንብ ስለማይመች፥ ኦኤስ/2 በአንድ ጊዜ ሊያሠራ የሚችለው አንድ የዶስ ፕሮግራም ብቻ ነበር፤ እርሱም ቢሆን ሁልጊዜ በትክክል አይሠራም። ሁለተኛው ሸክም ዋጋው ነው። ሥርዓቱ ራሱ 325 ዶላር ሲሸጥ፥ የሚፈልገው ሜሞሪ በዘመኑ ከነበሩት ኮምፒዩተሮች አብዛኛዎቹ ከያዙት የበለጠ ነበር። በሥዕልና በመስኮት የሚሠራው ክፍሉም እስከ 1988 መጨረሻ አልደረሰም።

በዚሁ ጊዜ ማይክሮሶፍት በ1985 ያወጣውን ዊንዶውስን አልተወም። የአበው ተረት «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» እንደሚለው፥ በአንድ እጁ ከአይ.ቢ.ኤም. ጋር ኦኤስ/2ን ሲገነባ በሌላው እጁ ዊንዶውስን ያሻሽል ነበር። በግንቦት 1990 የወጣው ዊንዶውስ 3.0 ነገሩን ሁሉ ለወጠው። ዋጋው 150 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዶስ ላይ የሚጫን ስለሆነ ባለቤቱ የነበሩትን ፕሮግራሞች መጣል አላስፈለገውም፤ አነስተኛ አቅም ባላቸው ኮምፒዩተሮችም ላይ ይሠራ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥም 10 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። ከዚህ በኋላ የሁለቱ ኩባንያዎች ኅብረት ፈረሰና ኦኤስ/2 ለአይ.ቢ.ኤም. ብቻ ቀረ።

፫. የብልጫው ክርክር

በ1992 አይ.ቢ.ኤም. ኦኤስ/2 2.0ን አወጣ። ክርክሩ የጋለው በዚህ ጊዜ ነው። የኦኤስ/2 ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ነጥብ በእውነትም ጠንካራ ነበር። በዊንዶውስ 3 ውስጥ እያንዳንዱ የዊንዶውስ ፕሮግራም ተራውን በራሱ ፈቃድ እስኪለቅ ድረስ ሌላው ይጠብቃል፤ አንዱ አልለቅም ካለ ሁሉም ይቆማል። በኦኤስ/2 ግን ሥርዓቱ ራሱ ጊዜውን እየከፋፈለ ለፕሮግራሞች ይሰጣል። የዶስ ፕሮግራሞችንም እያንዳንዳቸውን በየክፍላቸው አድርጎ ብዙዎቹን ባንድነት ያሠራል። የዊንዶውስንም ፕሮግራሞች እንዲሁ ያስተናግዳል።

የዊንዶውስ ወገኖች መልስም ባዶ አልነበረም። ኦኤስ/2 2.0 ቢያንስ 4 ሜጋባይት ሜሞሪ ይጠይቃል፤ ተጠቃሚው ከማውስና ከኪቦርድ የሚልካቸው ትእዛዞች ሁሉ በአንድ ወረፋ ስለሚያልፉ፥ አንድ ፕሮግራም ወረፋውን ከዘጋ ስክሪኑ ደርቆ ይቀራል፤ በተለይም ለኦኤስ/2 ተብለው የተጻፉ ፕሮግራሞች ጥቂት ናቸው ይሉ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ኦኤስ/2 የዊንዶውስን ፕሮግራሞች ማሠራት መቻሉ ለገዢው ጥቅም ቢሆንም ለሥርዓቱ ግን ጉዳት ሆነበት። ፕሮግራም ጸሐፊው አንድ ጊዜ ለዊንዶውስ ከጻፈ ሥራው በሁለቱም ቦታ የሚሠራ ከሆነ፥ ለኦኤስ/2 ብሎ እንደገና የሚደክምበት ምክንያት አልነበረውም። በ1999 የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን በማይክሮሶፍት ክስ ላይ በሰጡት የፍሬ ነገር ግኝት እንደተመለከተው፥ ኦኤስ/2 በብርታቱ ዘመን የነበሩት ፕሮግራሞች 2,500 ያህል፥ የገበያ ድርሻውም ከመቶ 10 ያህል ነበር። ዊንዶውስ ግን በዚያ ግኝት መሠረት ከ70,000 በላይ ፕሮግራሞች ነበሩት። ገዢው ፕሮግራም ወዳለበት ይሄዳል፤ ጸሐፊውም ገዢ ወዳለበት ይሄዳል። ይህ ዙሪያ ክብ አንድ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ በሥራ ጥራት ብቻ ሰብሮ መግባት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

፬. የውልና የኃይል ድርሻ

ድሉ የተገኘው በብልሃት ብቻ ነው የሚሉትም ማስረጃ አያጡም። ማይክሮሶፍት ከኮምፒዩተር ሠሪዎች ጋር በሚያደርገው ውል፥ ሠሪው የሌላ ኩባንያ ሥርዓት ቢጭንበትም እንኳ ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር እንዲከፍል የሚያስገድድ አንቀጽ ነበረበት። ኩባንያው ይህን አሠራር ለመተው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተስማማው በ1994 ነው። ደግሞም ከላይ በተጠቀሰው ግኝት ውስጥ እንደተጻፈው፥ አይ.ቢ.ኤም. ከማይክሮሶፍት ጋር የሚወዳደሩትን ሥራዎቹን ማስተዋወቁን ባለመተዉ፥ ዊንዶውስ 95ን በኮምፒዩተሮቹ ላይ ለመጫን ፈቃድ ያገኘው በነሐሴ 24 ቀን 1995 የምረቃው በዓል ሊጀመር 15 ደቂቃ ሲቀረው ነበር። በ2001 የይግባኙ ፍርድ ቤት ኩባንያው እንዲከፈል የተሰጠውን ትእዛዝ ቢሽርም፥ የሞኖፖል ሥልጣኑን በሕገ ወጥ መንገድ ጠብቆአል የሚለውን ውሳኔ በዋናው ክፍል አጽንቶአል።

ይሁን እንጂ የጊዜውን ቅደም ተከተል መርሳት አይገባም። ዊንዶውስ 3.0 በሚሊዮን የሚቈጠር ገዢ ያገኘው የተሻሻለው ኦኤስ/2 ከመውጣቱ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ሰዎች ያወዳደሩት ዊንዶውስን ከ1992ቱ ኦኤስ/2 ጋር ሳይሆን ከውዱና ከዝግተኛው የ1987 ኦኤስ/2 ጋር ነበር። እንግዲህ ውሉ የተገኘውን ድል አጠነከረ፤ ለተወዳዳሪውም በሩን አጠበበ፤ ድሉን ግን ብቻውን አልፈጠረውም።

የአይ.ቢ.ኤም. የመጨረሻው ዐቢይ እትም የሆነው ኦኤስ/2 ዋርፕ 4 በ1996 ወጣ፤ ኩባንያውም ድጋፉን በ2006 መጨረሻ አቆመ። ሥርዓቱ በባንክ የገንዘብ መክፈያ መሣሪያዎች ውስጥ ግን ብዙ ዘመን አገልግሎአል። ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው፥ የኦኤስ/2 ደጋፊዎች የተከራከሩላቸው ሐሳቦች አለመሸነፋቸው ነው። ኦኤስ/2ን ይተካ ዘንድ የተጀመረው የማይክሮሶፍት ሥራ ስሙ ተለውጦ በ1993 ዊንዶውስ ኤን.ቲ. ሆነ፤ ከ2001ዱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ወዲህም የግል ኮምፒዩተር ዊንዶውስ የሚሠራው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ሜሞሪን መከላከልና ጊዜን በሥርዓቱ ሥልጣን መከፋፈል የአሸናፊው ንብረት ሆኑ።

፭. ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ያስተምራል?

የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባበት ታሪክ ይኸንኑ ትምህርት በሌላ መልክ ያሳያል። በዶስ ዘመን የነበረው የፊደል ሠንጠረዥ 256 ቦታ ብቻ ስለነበረውና ግማሹም በላቲን ፊደልና በመቈጣጠሪያ ምልክቶች ስለተያዘ፥ የእኛ ፊደል ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ ሊገባበት አልቻለም። ስለዚህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ያዘጋጁ ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አመዳደብ አበጁ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። መፍትሔው የመጣው ከሥርዓተ ክወናዎቹ አንዱ ሌላውን በማሸነፉ አይደለም። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን መድቦ ለሁሉም የጋራ ሕግ ስላደረገ ነው። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ ሲወጣ፥ ጽሑፉ በሌሎችም ሥርዓቶች ሊነበብ የሚችል ሆነ።

ከዚህ የተነሣ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፥ ሁለቱም ወገኖች «ብልጫ» የሚለውን ቃል በአንድ ሚዛን ብቻ መመዘናቸው ስሕተት ሆኖ እናገኘዋለን። መሐንዲሱ የሚጠይቀው ሥርዓቱ እንዴት ተገነባ ብሎ ነው፤ በዚህ ሚዛን የ1992ቱ ኦኤስ/2 ይበልጣል። ገዢው የሚጠይቀው ባለኝ መሣሪያ የያዝሁትን ሥራ ይሠራልኛልን ብሎ ነው፤ በዚህ ሚዛን ዊንዶውስ 3.0 በልጦአል። ሕግ አዋቂው ደግሞ ገዢው በእርግጥ ለመምረጥ ነፃ ነበርን ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም ከ1990 ወዲህ ነፃነቱ እየጠበበ ሄደ የሚል ነው። ከሦስቱ አንዱን ይዞ ሌሎቹን የሚተው ሰው ታሪኩን በግማሽ ያውቃል።

ለኮሌጃችንም ሆነ ለማናቸውም መሥሪያ ቤት ሥርዓት በሚመረጥበት ጊዜ ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ጋር አንድ አራተኛ ሊጨመር ይገባል፤ ይኸውም ዛሬ በዚህ ሥርዓት የምንጽፈው ሥራ፥ ሥርዓቱ ራሱ ባለፈ ጊዜ በሌላ ሊነበብ ይችላልን የሚለው ነው። ኦኤስ/2ን የመረጡ ሰዎች በምርጫቸው አልተሳሳቱም ይሆናል፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ሲያልፍ ለእርሱ ብቻ የተሠራው ሥራ አብሮት እንዳያልፍ ማሰብ የመራጩ ኃላፊነት ነው።